ሃምሳ ፈዳን

ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሃያ፣ ሸሕዲ። አንድ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ በገበሬዎች ስብሰባ ላይ ያልሠራውን የሰሊጥ በሽታ ጥናት በራሱ ስም አነበበ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የዘጋቢነት ደብተሬን ዘርግቼ ተቀምጫለሁ። ስህተቱ የትኛው ገጽ ላይ እንዳለ አውቅ ነበር። እስኪደርስበት እጠብቃለሁ።

ጥናቱ የዶክቶራ ነው። ሁላችንም እንደዚያ ነው የምንጠራት። አገሯ ሱዳን እያለች ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የዕፅዋት በሽታ ታስተምር ነበር፤ ጦርነቱን ሸሽታ በመተማ ዮሐንስ በኩል በእግሯ ገባች። ቅዳሜ ቅዳሜ የጤና ጣቢያው የላቦራቶሪ ባለሙያ ቤት እንሰበሰባለን፤ እንደ እርሷ የተሰደዱ አንዲት ፋርማሲስትና አንዲት የኬሚስትሪ መምህርት፣ ከእኛ ደግሞ የላቦራቶሪ ባለሙያዋ ራሷና አንዲት የጎጃም ልጅ፣ የግብርና ባለሙያ። ዶክቶራ በማይክሮስኮፕ ማየትን ታስተምራለች። የእኛዎቹ የትኛው ቢሮ በየትኛው ደብዳቤ እንደሚከፈት ያስተምሯቸዋል። አንድ ሕግ አላቸው፦ እያንዳንዱን ማሳ ሁለት ሴቶች ለየብቻ አይተው ለየብቻ ይመዘግባሉ፤ ቅዳሜ ደብተር ከደብተር ያስተያያሉ።

አንድ የምርምር ጣቢያ ዶክቶራን ላቦራቶሪው ውስጥ ሊያሠራት ፈቅዶ ነበር፤ እዚህ አገር በስሟ የወጣ ጥናት ካመጣች። ኃላፊው የመጀመሪያውን ጥናት «ልየው» ብሎ ወስዶ በራሱ ስም አወጣው። ዜናውን የጻፍኩት እኔ ነኝ። «አጠናሁ» አለኝ፤ ሁለተኛ ሰው ሳልጠይቅ ጻፍኩ። የጎጃሟ ልጅ ሄዳ ብታነጋግረው «ስደተኛ እኮ ናት፤ ስሟ ቢገባ ምን ሊያደርግላት?» አላት። ያቺን ዓረፍተ ነገር ከነቀኗ መዝግቤ ያዝኳት።

ኃላፊው ሁለተኛውንም ጥናት ጠየቀ። ዶክቶራ የራሷን ደብተር ቅጂ አርብ ዕለት፣ ከጎጃሟ ልጅ ደብተር ጋር ሳይስተያይ፣ ሰጠችው። እርሷ የምትለካው እንደ አገሯ በፈዳን ነው፤ ፈዳን የሄክታር ግማሽ እንኳ አይሞላም።

«ፈዳን መሆኑን አልጻፍሽበትም» አለች የጎጃሟ ልጅ።

«ከጠየቀ እነግረዋለሁ፣ ያ ቢንቲ» አለች ዶክቶራ፤ «ልጄ» ማለቷ ነው።

አልጠየቀም። እኔም አልነገርኩትም።

«የእኚህ አባት ማሳ» አለ ኃላፊው፣ ፊት ለፊት ወደተቀመጡት ሽማግሌ እያመለከተ፣ «ሃምሳ ሄክታር…»

ሽማግሌው ተነሱ። «ስንት አልክ ልጄ?»

«ሃምሳ ሄክታር፣ አባባ።»

«የእኔ ሃያ አንድ ነው። በል ሃያ ዘጠኙን አሳየኝና ልረሰው!»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ከኋላ አንዱ «ለእኔም ጨምርልኝ!» ብሎ ጮኸ። ኃላፊው ወረቀቱን ወደፊት ገለጠ፣ ወደኋላ ገለጠ። እጄን አወጣሁ።

«ማሳውን የለካው ማን ነው?»

«እኔ… ከባለሙያዎቼ ጋር።»

«በምን ለካችሁት?»

ወረቀቱን እንደገና ገለጠ። ቸኩዬ አላዳንኩትም። ላቡ ከግንባሩ ወርዶ አንገቱ ጋ ሲደርስ ተመለከትኩ፤ ደስ አለኝ፤ አላፍርበትም።

ዶክቶራ ከግድግዳው ሥር ተነሳች። «በፈዳን ነው የለካሁት፣ አባባ። ሃምሳ ፈዳን ሃያ አንድ ሄክታር ነው።» የጎጃሟ ልጅ በሄክታር የተጻፈውን የራሷን ደብተር ይዛ ወጥታ ኃላፊው ፊት ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እሷ ናት!» አሉ ሽማግሌው ወደ ሕዝቡ ዞረው። «በዚያ ሐሩር ማሳዬን ዳር እስከ ዳር የዞረች እሷ ናት። ውሃ ያጠጣኋት እኔ ነኝ። አንተን ግን ልጄ፣ ዛሬ ማየቴ ነው።»

በዚህኛው ዜና አምስቱንም ሴቶች ጠየቅኩ፣ ሽማግሌውን ጠየቅኩ፣ ኃላፊውንም ሦስት ጊዜ ደወልኩለት። አላነሳም፤ አለማንሳቱን ጻፍኩ። ከሥሩም የቀድሞውን ዜናዬን ስህተት በስሜ አረምኩ።

ታርሞ የወጣው ሁለተኛው ጥናት የፊት ገጽ ላይ አምስት ስም አለ። የመጀመሪያው የዶክቶራ ነው። የምርምር ጣቢያው ዶክቶራን ለማሠራት የጠየቀው ይኸው ነበርና፣ ቅጂውን በተከታዩ ሰኞ፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ፈርሞ ተቀብሏል።