ሐሙስ ከሰዓት ያረዳነው መርዶ

ሰው ሲቸገር ሌላው ቁም ሳጥኑን ያጸዳል። ይህን የተማርኩት ሮም ቲቡርቲና ባቡር ጣቢያ አጠገብ ባለ አንድ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ውስጥ፣ አውሎ ነፋስ ደሴታቸውን ጠራርጎ ለወሰደባቸው ሰዎች የተሰበሰበውን ልብስ ስንለይ ነው። ምን ያልመጣ ነገር አለ! ጠጉራም የክረምት ካፖርት፣ የበረዶ መንሸራተቻ ጫማ፣ አንድ እግሩ የጠፋ ባለተረከዝ፣ ያልታጠበ የውስጥ ልብስ። አገሩ ዓመቱን ሙሉ በሙቀት የሚነድ ደሴት ነው እኮ! "ኧረ በስመ አብ፣ ይሄን ደርበው ባሕር ሊገቡ ነው?" እያልኩ ካፖርቱን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ ስንጎማለል ጓደኛዬ በሳቅ ትፈርሳለች። የደሴቲቱ ልጅ እሷ ናት።

ደሴቲቱ ካሪቢያን ባሕር ውስጥ ናት። የሚናገሩት ስፓኒሽ ነው፤ ከጣልያንኛ ጋር የአክስት ልጅ ስለሆነ ቀስ ብለው ካወሩኝ አይጠፋኝም። እኔና እሷ የተዋወቅነው በአንድ ሕንፃ ስንሠራ ነው። እኔ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ጆሮዋ የማይሰማ አሮጊት ሲኞራ እጠብቃለሁ፤ እሷ አራተኛ ፎቅ ላይ አልጋ የያዙ ሽማግሌ ታጥባለች፣ ታበላለች። ሁለታችንም የምናድረው እዚያው የምንሠራበት ቤት ነው። ነፃ የምንሆነው እንደ ሮም ባዳንቴ፣ እንደ አረጋዊ ጠባቂ ሁሉ፣ ሐሙስ ከሰዓትና እሑድ ብቻ። ሊፍት ውስጥ ሰላምታ ጀመርን፣ ከዚያ ወዲያ መለያየት የለም። "ያገሬ ሰው ብትሆኚ ይሄኔ ተጣልተን ነበር" እላታለሁ።

አውሎ ነፋሱ የመጣ ሰሞን የሆነችውን ለጠላቴም አልመኝም። መንደሯ ከባሕሩ ዳር ናት። የቤቱ ሁሉ ጣራ በረረ፣ ትምህርት ቤቱም፣ ቤተ ክርስቲያኑም። ለብዙ ቀን ድምፅ ጠፋ። በኋላ ወንድሟ ተራራ ላይ ወጥቶ ደወለ፤ ከታች መንደሩ ውስጥ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም። የደወለው ደግሞ ለኔ ነው። የሽማግሌው ልጅ፣ ያቺ ክፉ፣ በሥራ ሰዓት ስልክ ከልክላታለች፤ የኔዋ ሲኞራ ግን ጆሮዋ አጠገብ መድፍ ቢተኮስ አትሰማም። እናታቸው ግድግዳ ወድቆባቸው እግራቸው ተሰብሯል፣ ከተማ ያለ ሆስፒታል ተኝተዋል፣ ግን አሉ። ደረጃውን እየሮጥኩ ወጥቼ "አለች! እናትሽ አለች!" አልኳት። ኮሪደሩ ላይ እግሬ ሥር ተንበርክካ ስታለቅስ የሽማግሌው ልጅ ምን ተሰበረ ብላ ወጣች።

ከዚያ ነው ሥራው የተጀመረው። የደሴቲቱ ልጆች ሮም ውስጥ ጥቂት ናቸው፤ ቄሱ ምድር ቤቱን ሰጧቸው፣ ኮንቴይነርም ተገኘ። እኔ ደግሞ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተርሚኒ ባቡር ጣቢያ አጠገብ ከምንሰበሰብበት የሐበሻ ምግብ ቤት ገብቼ ሴቶቹን ለመንኩ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ። ብዙ መለመን አላስፈለገኝም። ከመሃላችን ስደተኞች ተጠልለውበት ከነበረው የፒያሳ ኢንዲፔንዴንሳ ሕንፃ ፖሊስ ያስወጣቸው አሉ፤ ዕቃቸው አስፋልት ላይ ተዘርግቶ መታጠቢያ ሲያጡ፣ ሰዉ ብስኩትና የሕፃን መጫወቻ ያመጣላቸው ነበር። ስለዚህ ምን እንደሚያስፈልግ ማንም አላስተማረንም። ሳሙና፣ ሞዴስ፣ የጣራ ሸራ፣ ገመድ፣ ምስማር፣ በፀሐይ የሚሠራ መብራት። ካፖርቱን ለቄሱ መለስንላቸው።

ጓደኛዬ ከሁሉ አስቀድማ ለእናቷ አንድ ካርቶን አዘጋጅታ ነበር። ወንድሟ በደወለ ቁጥር ወሬው ደህና ነው፤ ዛሬ ሾርባ ጠጡ፣ ዛሬ ነርሷን ሰደቧት። "ከተሳደበችማ ድናለች!" ብላ ቢጫ አበባ ያለበት ቀሚስ ገዛች። ለስላሳ ጫማም ገዛች፣ ለሁለቱም እግር።

ረቡዕ ማታ ስልኬ ጮኸ። የወንድሟ ድምፅ ከመጀመሪያው ቃል አስታወቀኝ። ቁስሉ መርዞ ኖሮ ያን ዕለት ጠዋት አርፈዋል። ቀስ ብሎ፣ እየደጋገመ ነገረኝ፣ እንዳይጠፋኝ ብሎ። አስከሬኑ ነገ ከከተማ ይመጣል፤ በረዶ የለም፣ መብራት የለም፣ ማሳደር አይቻልም፤ እኩለ ቀን ላይ ይቀበራሉ። "ከጠዋት ጀምሬ ተራራው ላይ እጠብቃታለሁ" አለኝ። "ለእማዬ የምትለውን ትንገረኝና ወርጄ ጆሮዋ ላይ እነግርላታለሁ። ሣጥኑ ሳይዘጋ።" አባታቸው ሲሞት እንደዚያ አድርገው ኖሯል፤ ሩቅ ያለ ልጅ ቃሉን ይልካል። የነሱ እኩለ ቀን በኛ ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው።

ያኔውኑ ወደ አራተኛ ፎቅ መውጣት ነበረብኝ? እስቲ ልናገር። እኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። የአባቴን ስረዳ ሴቶቹ ማለዳ መጡ፤ በሩን ስከፍት የነጠላቸውን ጥለት ወደ ላይ አድርገው ቆመዋል። አንዲት ቃል ሳይናገሩ ጮህኩ፣ እነሱ ያዙኝ፣ ሦስት ሌሊት አብረውኝ አደሩ። ሌላዋን ደግሞ አውቃለሁ፣ ተርሚኒ ሜትሮ ውስጥ በስልክ መልእክት የወንድሟን ሞት አንብባ መሬት ላይ የወደቀችውን። ሰዉ ሰክራ መስሎት ተሻግሯት ያልፍ ነበር። እንደዚያ ጓደኛዬ ማንም ሳይኖራት፣ ያቺ ክፉ እያየቻት፣ የሽማግሌ ዳይፐር በእጇ ይዛ ትስማ? አልሆነልኝም።

እትዬ ዘንድ ደወልኩ። እትዬ የምላቸው ሮም ከኛ ሁሉ ቀድመው የመጡ እናት ናቸው፤ እዚህ ከተማ መርዶ ያለሳቸው አይረዳም።

"ነገ ሐሙስ አይደል?" አሉኝ። "ዕረፍቷ ነው። ሁላችንም እንሰበሰብና እናረዳታለን። ዛሬ ምሽት አይሆንም፤ ሌሊቱን ብቻዋን እንዴት ትወጣዋለች?"

"እትዬ፣ እሷ እኮ ሐበሻ አይደለችም።"

"ሐበሻ ባትሆን እናት የላትም?"

ሰዓቱን አሰላሁት፤ አሥር ሰዓት ላይ ብትሰማ ሁለት ሰዓት ሙሉ አላት፣ ወንድሟን በደንብ ታገኘዋለች። ቫ ቤኔ፣ ይሁን፣ አልኩ ለራሴ። በኋላ ጓደኛዬ ቆሻሻ ልትጥል ወርዳ በሩ ላይ አገኘችኝ። "ወንድሜ ደወለ?" አለችኝ። "ኔትወርክ የለም መሰለኝ" አልኳት። "ነገ ለካርቶኑ ማሸጊያ ፕላስተር እንዳትረሺ" ብላኝ ወጣች። ሆድ ይፍጀው ብዬ ገባሁ፤ እንቅልፍ የሚባል በዓይኔ አልዞረም።

ሐሙስ ሴቶቹ ወደ ምድር ቤቱ አንድ በአንድ ገቡ። ሁሉም ጥቁር ለብሰዋል፣ ነጠላቸውን ለለቅሶ አድርገው ለብሰዋል፣ አንዷ ንፍሮ ቀቅላ በትልቅ ሳህን ይዛለች። ግድግዳውን ተደግፈን ተቀመጥን። አሥር ሰዓት አለፈ። አሥር ተኩል አለፈ። የሽማግሌው ልጅ የጸጉር ቀጠሮ ነበራትና ጓደኛዬን በዕረፍቷ ቀን አቆይታታል፤ ጸጉሯን ይንቀለውና! ወደ አሥራ አንድ ሲቃረብ ጓደኛዬ እየሮጠች ደረጃውን ወረደች፤ አየችንና ቆመች።

ማንኛዋም ሐበሻ ብትሆን እዚያው ደረጃ ላይ ይበቃት ነበር። እሷ ግን ፊቷ በራ። "ማዶና! ይሄ ሁሉ ሰው ሊያግዘኝ መጣ?" አለችና እየዞረች ሁላችንንም ሁለት ሁለት ጊዜ ሳመችን። አንዷ ንፍሮውን ዘረጋችላት፣ ምን ታድርግ። በእፍኟ ወስዳ በላች። "ቦኖ!" አለች፣ ደገመች። ከዚያ እጇን አጨበጨበች፤ አሎራ፣ በሉ እንግዲህ፣ አንቺ ምስማሩን፣ አንቺ ሸራውን። ለእትዬ ሳሙናውን ሰጠቻቸው። ያ ሁሉ ለቅሶ ያለፈባቸው እትዬ ሳሙናውን ተቀበሉና ካርቶን ውስጥ መደርደር ጀመሩ።

ጉድ እኮ ነው። ያኔ ነው የገባኝ። እኛ ውስጥ አንዳችንም "እናትሽ ሞተች" ብሎ በአፉ መናገር የሚያውቅ የለም። ነጠላው ይናገራል፣ የሰዉ ብዛት ይናገራል፣ ማለዳው ይናገራል፤ ባለቤቱ ራሱ አይቶ ይጮሃል፣ የኛ ድርሻ መያዝ ነው። አሁን የምንይዛት ልጅ በደስታ ፕላስተር እየቀደደች ታድለናለች። እትዬን አየኋቸው። እሳቸው እኔን አዩኝ፤ ጣልያንኛቸው የኩሽና ነው። ሁሉም እኔን አዩኝ። አፌን ስከፍት ስለ ገመድ ጠየቅኋት። እግዜር ያሳያችሁ፣ ስለ ገመድ! ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይሄዳል፣ ወንድሟ ተራራ ላይ ቆሟል፣ እኛ ካርቶን እናሽጋለን። ወጥቼ ፊቴን ታጠብኩ፣ ተመለስኩ፣ አልቻልኩም። አሁን እነግራታለሁ፣ ይቺን ካርቶን ስትጨርስ፣ ይቺን ብቻ እያልኩ።

የእናቷን ካርቶን ለማሸግ ስትነሳ ቀሚሱን አውጥታ ዘረጋችው። "ተጨማደደ እንዴ?" አለችኝ። "ልተኩሰው ይሆን?" ካርቶኑ ላይ ተደፍቼ ማልቀስ ጀመርኩ። እኔን ያዩ ሴቶች ከዚያ ወዲያ አልቻሉም፤ እትዬ ደረታቸውን መቱ፣ ምድር ቤቱ በአንዴ ለቅሶ ቤት ሆነ።

ጓደኛዬ ቀሚሱን ጥላ ወደኔ ሮጠች። ልብሳችንን አሁን አየችው፣ ጥቁሩን። ሁለት እጇን ፊቴ ላይ አድርጋ ቀና አደረገችኝ። "ምነው ሳትነግሪኝ?" አለችኝ። "እናትሽ ናት? አዲስ አበባ?" መልስ ሳትጠብቅ ደረቷ ላይ አስጠጋችኝና ጀርባዬን እየደባበሰች፣ እኔው ያስተማርኳትን ቃል በአማርኛ አለችልኝ። "አይዞሽ። አይዞሽ፣ እህቴ።"

"የኔ አይደለችም" አልኳት። "ያንቺ ናት።"

እጇ ጀርባዬ ላይ ቆመ። አልጮኸችም። ሴቶቹ ሊይዟት ከበቧት፣ እሷ ግን አልወደቀችም፤ ቆማ አንድ በአንድ ጠየቀችኝ። መቼ? የት? ማን ነገረሽ? ስለ ተራራውና ስለ ጆሮው ስነግራት ቀና ብላ ሰዓቱን አየች። አሥራ ሁለት አልፏል። ስልኩን ከእጄ ነጠቀችኝና ደወለች። ጠራ። ደግማ ደወለች፣ ጠራ፣ በሦስተኛው መጥራቱን ተወ። ወንድሟ እስከሚችለው ጠብቆ ወርዷል። እኛ ሳሙና ስንደረድር እናትየው የልጇን ቃል ሳይሰሙ ሣጥኑ ተዘጋ።

"ወንድሜ ለአንቺ መቼ ነው የደወለው?"

"ትናንት ማታ።"

"ቆሻሻ ስጥል ጠይቄሽ ነበር" አለች።

ላስረዳት ሞከርኩ። ሌሊቱን ብቻሽን እንዳትሆኚ ብለን ነው፣ ደንባችን ነው፣ ለእኔም እንዲህ ነው የተደረገልኝ። ዛሬም ቢሆን በፍቅር እንዳደረግነው እምላለሁ፣ ማንም አይከራከረኝ። እሷ ግን "ባውቅ ኖሮ ሌሊቱን ሙሉ ምን እንደምላት አስብ ነበር" አለች፣ ለኔ ሳይሆን ለስልኩ። "ብቻዬን ብሆንስ? እናቴ ናት።" እትዬ ምን አለች ብለው ጠየቁኝ። አልተረጎምኩላቸውም።

በደንባችን ሦስት ሌሊት አብረናት ማደር ነበረብን። ሴቶቹ ተማክረው ማን ዛሬ፣ ማን ነገ እንደሚያድር ተከፋፍለው ነበር። እሷ ግን ለሽማግሌው የማታ መድኃኒት መድረስ አለባት፤ እዚያ ቤት ደግሞ እንግዳ አይገባም። ካፖርቷን ለበሰች፣ አመሰገነችን፣ አዎ፣ ሁላችንንም አመሰገነች፣ ወጣች። ሮጬ አውቶብሱ ላይ ደረስኩባት። የምንሄደው ወደ አንድ ሕንፃ፣ ወደ አንድ ደረጃ ነው፣ መቼም አንለያይም። መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። አጠገቧ ያለው ወንበር ባዶ ነበር። ልቀመጥ ስል ቦርሳዋን ከጭኗ ላይ አንስታ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችው። ብረቱን ይዤ ቆሜ ሄድኩ፣ እስክንወርድ ድረስ።