እትዬ ሙሉነሽና የዓርብ ከሰዓት ግጥሚያዎች

እትዬ ሙሉነሽ አረፉ። በዶሃ ያላችሁ ወዳጆቻቸው ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል፤ ላልሰማችሁ በዚህ ጽሑፍ አስታውቃለሁ። ሁለት ሳምንት ያህል በልብ ሕመም ሆስፒታል ተኝተው ከቆዩ በኋላ፣ በአንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ በኀምሳ አራት ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ተለዩ። እኔ በሐማድ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ ጓዝ ጫኝ ነኝ። አስከሬናቸው ወደ አዲስ አበባ በሄደበት ዕለት አለቃዬን አስፈቅጄ ሣጥናቸውን በገዛ እጄ ጭኜ ሸኘኋቸው። በትውልድ ከተማቸው በደብረ ብርሃን ተቀብረዋል።

አብዛኛው ሰው የሚያውቃቸው ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት በአንድ ቤተሰብ ቤት ምግብ አብሳይ ሆነው ነው። እኔ ልነግራችሁ የምፈልገው ግን የቡድናችን አዛዥ ስለነበሩበት ጊዜ ነው።

ቡድናችን የሚጫወተው በኮምፒውተር የሚካሄድ የኑክሌር ጦርነት ጌም ነው። እያንዳንዱ ወገን በዓለም ካርታ ላይ የራሱ ከተሞች አሉት። ራዳር ይተክላል፣ መርከብና አውሮፕላን ያሰማራል፣ የሚሳይል ማስወንጨፊያ ያቆማል። ማስወንጨፊያው ወይ የመጣበትን ሚሳይል ያከሽፋል፣ ወይ ራሱ ይተኩሳል፤ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አይችልም። በመጨረሻ ብዙ ሕዝብ የተረፈለት ያሸንፋል፤ ማስወንጨፊያው ሁሉ የወደመበት ግን ሕዝቡ ቢተርፍም ተሸናፊ ነው።

የወንድማቸው ልጅ ሳምራዊት ከባሏ ከቢንያም ጋር ናጅማ በሚባል የዶሃ ሰፈር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ሦስታችንም የአንድ የጸሎት ኅብረት አባላት ስለሆንን፣ ዓርብ ከአምልኮ በኋላ እነሱ ዘንድ እየተሰበሰብን እንጫወት ነበር። እትዬ ሙሉነሽ ኦርቶዶክስ ነበሩ። የዕረፍት ቀናቸው ዓርብ ስለሆነ፣ ቤተ ክርስቲያን ደርሰው ሲመለሱ እግራቸውን ለማሳረፍ ወደዚያው ክፍል ይመጣሉ። ለአራት ሳምንት ከኋላችን አልጋ ላይ ተቀምጠው ስንሸነፍ አዩን። በአምስተኛው ሳምንት መነጽራቸውን አድርገው ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

«ቢንያም፣ መርከቦችህን ሁሉ አንድ ቦታ ለምን ታጉራቸዋለህ?»

«ለጥንካሬ ነው፣ እትዬ።»

«አንዱን ያገኘ ሁሉንም አገኘልህ ማለት ነዋ።»

እንዲህ በተባለ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ቢንያም መርከብ አልባ ሆነ። ቡድን ለማሟላት አራተኛ ሰው አጥተን ስለነበር ሳምራዊት እየሳቀች አራተኛ ወንበር አቀረበችላቸው። በመጀመሪያው የልምምድ ግጥሚያ ከተሞቻቸው በሙሉ ወደሙ።

«ስንት ሰው አለቀብኝ?» አሉ።

«ሁሉም፣ አክስቴ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ከዚያ በቀሚሳቸው ጠርገው መልሰው አደረጉትና «ኸላስ፣ በቃ፣ እንደገና» አሉ።

ከዚያ ወዲህ ልምምዱ የእሳቸው ሆነ። ለስድስት ዓርብ አንድም ሚሳይል እንዳንተኩስ ከለከሉን። ማስወንጨፊያው ሁሉ ለመከላከል ብቻ እንዲቆም አዘዙ። ቢንያም በሦስተኛው ሳምንት ተቆጣ። «ሳንተኩስ እንዴት ነው የምናሸንፈው?» ቢላቸው፣ «መጀመሪያ አለመሸነፍን ልመዱ» ብለው መለሱለት። ከኅብረታችን አንድ ወንድም መጥቶ ክርስቲያን እንዲህ ያለ ጨዋታ ይጫወታል ወይ ብሎ በጠየቀ ጊዜም፣ «እኔ የምቆጥረው የተረፈውን ሰው ነው» ብለው ቦታ ለቀቁለት። ተቀምጦ እስከ መጨረሻው አየ።

ግጥሚያ ባለቀ ቁጥር ላፕቶፖቹን አስዘግተው «ያላ፣ አሁን ንገሩኝ» ይላሉ፤ «ያላ» በዐረብኛ «በሉ» ማለት ነው። እያንዳንዳችን የሆነውን ከመጀመሪያው ጀምረን እንተርካለን፤ ብዙ የተሸነፈው ይቀድማል። አንድ ቀን በእኔ ምክንያት ተሸነፍን። ሥራ ላይ ሁለት ሺፍት አከታትዬ ውዬ ስለነበር በሰሜን በኩል ራዳር መትከል ረስቼ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ግን አፍሬ፣ «ራዳሩ ገና በመጀመሪያው ተመታ» አልኩ። እትዬ ሙሉነሽ ዐይናቸውን ወደ እኔ አነሱና ወደሚቀጥለው ተራ አለፉ።

ወደ ሜትሮ ስሸኛቸው መንገድ ላይ፣ «ኤፍሬም፣ ራዳሩን ረስተኸው ነበር፤ አይደል?» አሉኝ።

«አዎ፣ እትዬ።»

«እኔ አልነግራቸውም። በሚቀጥለው ዓርብ አንተው ትነግራቸዋለህ።»

ነገርኳቸው። ቢንያም ትከሻዬን መታ አድርጎኝ ወደ ጨዋታው ተመለሰ። እትዬ ሙሉነሽ ግን ሺፍት በሚደራረብብኝ ሳምንት የእኔን ሰሜን ከራሳቸው ደቡብ ጋር ደርበው ይጠብቁልኝ ጀመር። ይህንንም ለማንም አልተናገሩም።

በዚያው ዓመት፣ መሐል ዶሃ በሙሸይሪብ፣ በየመሥሪያ ቤቱ የሚሠሩ ተጫዋቾች በአንድ አዳራሽ ውድድር አዘጋጁ። እኛም ገባን፤ ግጥሚያ በግጥሚያ እያለፍን ለፍጻሜ ደረስን። ተጋጣሚያችን ከዚያ በፊት ሦስት ጊዜ ያሸነፈን ቡድን ነበር። ቀኑ ደግሞ አሠሪያቸው ማዳም ቤት ሠላሳ እንግዳ የሚመጣበት ዓርብ ሆኖ ተገኘ። እትዬ ሙሉነሽ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥተው የሠላሳውን ሰው ምግብ ከቀትር በፊት ጨረሱ። ከዚያ ልብሳቸውን ለውጠው ማዳም ፊት ቆሙ።

«የት ልትሄጂ ነው፣ ሙሉ?»

«ጦርነት አለብኝ፣ ማዳም።»

ማዳም መጀመሪያ ግራ ተጋቡ፤ ነገሩ ሲገባቸው ስቀው ሾፌሩን አዘዙላቸው።

ግጥሚያው እንደ ተጀመረ የሚሳይል መዓት ወረደብን። እኛ በልምምዱ እንደለመድነው ዝም ብለን ተከላከልን። ሁለት ከተማ አጣን፤ የቀሩት ተረፉ። አዳራሹ በጩኸት ሲሞላ እትዬ ሙሉነሽ ግን ማንም በማያየው የካርታው ጥግ ላይ ዐይናቸውን ተክለው ነበር። አሥራ አንድ ሰው የሚኖርበትን የማዳምን ባለ ሦስት ፎቅ ቤት በበር ድምፅ ብቻ የሚከታተሉ ሴት ነበሩ።

«ኤፍሬም፣ ደቡቡ ባሕር ዝም አለ። ዝም ያለ ክፍል ሁልጊዜ ሄደህ እየው።»

አውሮፕላኖቼን ላክሁ። ስድስት ሰርጓጅ መርከቦች በከተሞቻችን ዳርቻ ተደብቀው አገኘኋቸው። አንድ ጊዜ እንኳ ሳይተኩሱ ሁሉም ሰመጡ።

ተጋጣሚዎቻችን ሲደናገጡ የቀራቸውን ማስወንጨፊያ በሙሉ ለተኩስ ከፈቱት። ስለዚህ የሚከላከልላቸው ማስወንጨፊያ አልቀረም። ቢንያም ወደ እሳቸው ዞረ።

«አሁን» አሉ። «ከተማ እንዳትነኩ፤ ማስወንጨፊያውን ብቻ።»

ተኮስን። ሰዓቱ ሲያልቅ የእነሱ ማስወንጨፊያ አንድም አልቀረም፤ ከሕዝባችን ሁለት ሦስተኛው በሕይወት ነበር፤ አሸነፍን። ሳምራዊት አክስቷን አቅፋ አለቀሰች። ቢንያም ወንበር ላይ ወጣ። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እትዬ ሙሉነሽ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ተሸነፉት ሄዱና መካከላቸው ወንበር ሳቡ። «ያላ፣ አሁን ንገሩኝ» አሏቸው፣ በዚያ በተሰባበረ እንግሊዝኛቸው። የቡድኑ መሪ መጀመሪያ አፈረ፤ ከዚያ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተረከላቸው። አንድ ሰዓት ያህል ቆየን። በኋላም ከነዋንጫቸው ቤታቸው ድረስ የሸኟቸው እነዚያው የተሸነፉት ልጆች ናቸው።

እትዬ ሙሉነሽ፣ አንድ ነገር ሳልነግርዎ አልሰናበትዎትም። እርስዎ በተቀበሩ ማግስት ያሳደጓቸው ሁለቱ የማዳም ሴት ልጆች የናጅማውን ደረጃ ወጥተው መጡ። ዓርብ ዓርብ የት እንደሚውሉ ማየት እንፈልጋለን አሉን። ሳምራዊት አልጋው ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ቢንያም የፍጻሜውን ግጥሚያ ከነድምፃችን የተቀዳውን ቪዲዮ ከፈተላቸው። ታናሺቱ የደቡቡ ባሕር ላይ ስንደርስ የእኅቷን እጅ ያዘች። «አሁን» የሚለው ድምፅዎ ሲሰማ ሁለቱም ተነሥተው ቆሙ፤ እኛም ተከትለናቸው ቆምን። በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ለእርስዎ ረጅም ጭብጨባ ተጨበጨበ፤ ጎረቤት ምን ሆናችሁ ብሎ በር እስኪያንኳኳ ድረስ። ድልዎን አይተዋል። እኛም በአንድ ላይ እጅ ነስተን ሸኝተንዎታል፤ በሰላም ይረፉ፣ አዛዣችን።