አንድ ሊትር የኑግ ዘይት

ቤት ውስጥ የተሠራ ሳሙና ገላ አይጎዳም ይባላል። ይጎዳል። «ተፈጥሯዊ ነው» ማለትም ምንም ማለት አይደለም፤ ሳማም ተፈጥሯዊ ነው። ይህን የምለው ለፋብሪካ ተቆርቁሬ አይደለም፤ አቃቂ ያደገ ሰው ለፋብሪካ አይቆረቆርም። የምለው ሳሙና ሠርቼ ስለማውቅ ነው።

እናቴ ግራ ጎኗ ከዛለ ሦስት ዓመት ሆናት። በዚያ በኩል መርፌ ቢወጋትም አይሰማትም። ቀኑን ሙሉ ተኝቶ የሚውል ሰው ቆዳው ይሳሳል፤ ከገና በፊት የእሷም ወገቧ ላይ መቅላት ጀመረ። ከጤና ጣቢያ የምትመጣው ነርስ ዳሰስ አደረገችና «ይቺ ቆዳ ከተከፈተች መዝጋቱ አይቻለንም። የሚያደርቅ ሳሙና አታስነኳት» አለችን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ ሌላ ጉዳይ አልነበረም፤ ያቺ የእጅ መዳፍ የምታህል ቆዳ እንዳትከፈት ብቻ።

እህቴ ቂሊንጦ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ትሠራለች፤ ከሥራ ስትመለስ የምታጥባት እሷ ነች። የእኔ ድርሻ ማንበብ ነው። አነበብኩ። ሳሙና ማለት ቅባትና ኮስቲክ ሶዳ ተበላልተው ሁለቱም ሲጠፉ የሚቀረው ነገር ነው። ጥቂት ቅባት ከተረፈ ሳሙናው ለቆዳ ይለሰልሳል። ሶዳ ከተረፈ ምን እንደሚሆንም አንብቤ ነበር።

ለገና ቅርጫ ስንገባ ጎረቤቶቼ ሞራቸውን እንዲተዉልኝ ለመንኩ። ሥጋውን ሲመድብ የነበረው ጎረቤቴ ቢላዋውን አቁሞ አየኝ።

«መጽሐፉ አለቀና ሞራ ማንበብ ጀመርክ?»

«ሳሙና ልሠራበት ነው።»

«ይሁን። ደግ ነገር ከታየህ ንገረን፤ ክፉ ከሆነ ግን ለራስህ ያዘው።»

ሞራውን ከትፌ፣ ውሃና ጨው ጨምሬ፣ በቀስታ እሳት አቅልጬ አጠለልኩት። ይኼኛው ዙር ትክክል ስለነበር የሠራሁበትን ልንገራችሁ። ሶዳው ወደ ውሃ ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ ሶዳ አይፈስስም፤ ካፈሰሳችሁት ገንፍሎ ፊታችሁ ላይ ይዘላል። የሁላችንም ቤት ያለው የአሉሚኒየም ድስት አይሆንም፣ ሶዳው ይበላዋል፤ ወፍራም የፕላስቲክ ባልዲ ይሻላል። ጓንት አጥልቁ፣ ዓይናችሁን ሸፍኑ፣ በሩን ክፈቱ። ከተቆረጠ በኋላ አራት ሳምንት ነፋስ ላይ ይቆይ። ሁሉም ነገር በግራም ይመዘን። ሞራ የሚመዘነው በኪሎ ስለሆነ እኔም በኪሎ መዘንኩትና ሳሙናው አማረ። እናቴ ሁለት ሳምንት ታጠበችበት። መቅላቱ ደበዘዘ።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። በመጀመሪያው ሰኞ እህቴ ሳፋውን ይዛ ስትገባ እናቴ በደህናው እጇ ሳሙናውን ተቀበለች፣ አሸተተችው፣ መለሰችላት።

«ይኼ የቅርጫው ነው።»

«እማዬ፣ ሳሙና እኮ አይበላም» አልኳት።

«በሬ ተቀብቼ ልጹም?»

የንስሐ አባቷን አስመጣሁ። ሳሙና ጾም እንደማያስገድፍ አስረዷት። «አባ፣ እርስዎ ቢፈቅዱልኝም አፍንጫዬ አልፈቀደልኝም» አለቻቸው። ስቀው፣ ባርከዋት ሄዱ። ወደ ሱቁ ሳሙና ተመለስን፤ በሳምንቱ ወገቧ እንደገና ቀላ።

የቀረው የዘይት ሳሙና ነበር። አቃቂ በሰቃ ትንሽ የዘይት መጭመቂያ ያላቸው የወሎ ሴት የእናቴ የድሮ ወዳጅ ናቸው። ስለ ጾሙ ስነግራቸው አልገረማቸውም።

«እሷ እንደሆነች ድሮም እንዲህ ናት። ከንጹሑ ኑግ እሰጥሃለሁ። ስንት ይሁን?»

«አንድ ኪሎ።»

«እኛ የምንሰፍረው በሊትር ነው። በኪሎ ይሁን ካልክ ሚዛን ላስመጣ።»

«ያው አይደል እንዴ፣ እትዬ?»

«እኔ ምን አውቄ። የተማርከው አንተ ነህ።»

ያው አይደለም። አንድ ሊትር ዘይት አንድ ኪሎ አይሞላም፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈው ለዚህ ነው። በዚያ ላይ ኑግ ከሞራ ያነሰ ሶዳ ነው የሚፈልገው። እኔ አንድ ሊትር አስቀድቼ የአንድ ኪሎ ሞራን የሶዳ ልክ እንዳለ ገለበጥኩበት። ሚዛኑ ቤቴ፣ መደርደሪያው ላይ፣ ከመጻሕፍቱ አጠገብ ነበር።

ምልክቱ በሁለተኛው ቀን መጣ። የኑግ ሳሙና ለስላሳ ነው፣ ቶሎ አይጠነክርም ይላሉ። የእኔው ነጣ፣ ደረቀ፣ ቢላዋ ሲያርፍበት ተፈረከሰ። «አየሽ፣ የሚባለው ሁሉ ወሬ ነው» አልኳት ለእህቴ። ሰው የሚለውን ማፍረስ ሙያዬ ሆኖ ኖሯል። ሳሙና ሠሪዎች ሥራቸውን በምላሳቸው ጫፍ እንደሚፈትኑም አንብቤ ነበር። ሳቅሁበት፤ ሶዳ በሚዛን እንጂ በምላስ አይለካም አልኩ። በየትኛው ሚዛን እንደለካሁ ግን ራሴን አልጠየቅሁም።

አራት ሳምንት ሙሉ ጠበቅሁ። በነዚያ ሳምንታት እህቴ በውሃ ብቻ ታጥባት ነበር፤ ቆዳዋ ግን ሌላው ቀርቶ ፎጣ ሲነካው ይብስ መቅላት ጀምሮ ነበር። በየቀኑ ሳሙናዎቹን እያገላበጥኩ ቀን እቆጥር ነበር። የተረፈ ሶዳ በአራት ሳምንት አይጠፋም። በአራት ዓመትም እንጃ።

ቅዳሜ ቀትር ላይ እህቴ እናታችንን በቀኝ ጎኗ አስተኝታ ግራ ጀርባዋንና ወገቧን በደንብ አሸቻት። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ ነበር።

«እንዴት ነው፣ እማዬ?» አልኳት በመጋረጃው በኩል።

«ዛሬስ ቀናህ። በሬም አይሸትም።»

አረፋው እንዲያርስላት ጥቂት ቆዩ። ቀጥሎ እህቴ ቀኝ እጇን በሳሙናው ልታጥብ ስትይዝ እናቴ መንጭቃ ወሰደችው።

«ምነው?»

«ይኼኛው ያቃጥላል።»

ውሃ ሲፈስስ ሰማሁ፤ ደጋግሞ፣ በችኮላ። እህቴ መጋረጃውን ገልጣ ወጣች። እጆቿ ቀልተዋል።

«ምንድን ነው ያደረግህበት?» አለችኝ። አልጮኸችም። «ተልጧል እኮ። አይሰማት፣ ምን ብላ ትንገረን?»

ጓዳ ገብቼ አንዱን ሳሙና አነሣሁና ምላሴን አስነካሁት። እንደተላጠ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነዘረኝ። ይህን ለማወቅ አንድ አፍታ ይበቃ ነበር።

ፋሲካ አልፏል። ቁስሉ አልተዘጋም፤ እየጠለቀ ነው። ነርሷ በየሁለት ቀኑ ትመጣለች፤ ስትጨርስ እህቴን ደጅ ጠርታ ታነጋግራታለች፣ እኔን አትጠራኝም። ትናንት እናቴ አስጠራችኝ።

«ልጄ፣ ጾሙ እኮ አለቀ» አለችኝ። «ያን የቅርጫውን አምጣልኝ። እሱ ደህና ነበር።»

ነርሷ ከእንግዲህ ምንም ሳሙና እንዳይነካት መከልከሏን አልነገርኳትም። እሺ ብዬ ወጣሁ። የቅርጫው ሳሙና አምስት ቀርቷል፤ በወረቀት ጠቅልዬ አስቀምጬዋለሁ፤ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

እናንተም ቤት መደርደሪያ ላይ የሚደርቅ ሳሙና ካለ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡና ተነሡ። ጣታችሁን አርጥባችሁ ሳሙናውን እሹ፣ ምላሳችሁንም ንኩ። ከነዘራችሁ ጣሉት። ለማንም አትስጡ።