ጾም ይዟል ያልኩበት ወር

የቀበሌው ሰዎች ቤተ ክርስቲያናችንን አሽገው የእህል መጋዘን ካደረጉት በኋላ፣ መጋቢ የነበረው ባለቤቴ ከአልጋ መነሳት ተወ። ትኩሳት የለውም፣ አያለቅስም። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ይተኛል። አንዳንድ ቀን ሸሚዙን ሊለብስ ይነሳና አንድ ቁልፍ ቆልፎ እዚያው ቁጭ ይላል።

አንድ ጠዋት የምእመናኑ ሽማግሌ መጡ። ያኔ የምንሰበሰበው በየቤቱ ተደብቀን ነበር፤ የማስተማሩ ተራ የእሱ ስለሆነ ሊጠሩት ነው። "ጾም ይዟል" አልኳቸው። በእኛ ዘንድ አገልጋይ ለጾም በሩን ከዘጋ ማንም አያንኳኳም። ለአንድ ቀን ብዬ ነበር።

ወሬው ከከተማችን ከነጌሌ አልፎ ዱብሉቅ ደረሰ። ከሩቅ የመጡ ሴቶች የታመመ ልጃቸውን ስም በወረቀት ጽፈው እንዲጸልይላቸው በበሩ ሥር ይሰዱ ጀመር። ትራሱ አጠገብ አስቀመጥኩለት፤ አላነበበውም። በቀን አንዴ አጥሚት አጠጣው ነበር።

ሙስሊሟ ባለሱቅ ጎረቤታችን አንድ ቀን አጥር ላይ ያዘችኝ።

"ናጋ ነው? ሰላም ነው?"

"ናጋ።"

"እኛም እንጾማለን እኮ፤ ሲመሽ ግን እንበላለን። የእናንተ ጾም መግሪብ የለውም እንዴ?" ሳቀችና ወዲያው ተወችው። "ያንቺ ሰው ታሟል። ሐኪም ቤት ውሰጂው።"

"የእኛ ይለያል" አልኳት። የመጋቢ ሚስት ሆኜ ባሌ መጸለይ አቃተው ማለት አልቻልኩም።

በወሩ መጨረሻ ሽማግሌው ገብተው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡ።

"ጌታ ምን አለዎት፣ መጋቢ?"

"ምንም።"

"ምንም?"

"አልጸለይኩም እኮ።"

ሽማግሌው ወደ እኔ ዞሩ። "ትሕትናቸውን አየሽልኝ እኅቴ?" አሉ። ቤተ ክርስቲያኑ እንዲከፈት ምእመናኑ ሁሉ አብረውት ሦስት ቀን እንደሚጾሙ ነግረውን ሄዱ።

በማግስቱ አጥሚቱን ሳቀርብለት ኩባያውን በእጁ ገፋው።

"ትንሽ ቅመስ።"

"ሰው ሁሉ በእኔ ምክንያት ጾሞ እኔ ልብላ?" አለ። "ጾም ነው ያልሽው አንቺ ነሽ።"

እውነቱን ልናገር ወደ ሽማግሌው ቤት ሄድኩ። ምእመናኑ እዚያ ተሰብስበው፣ ሁሉም ተንበርክከው ስለ እሱ ጌታን ያመሰግናሉ። አንዲት ሴት ጠጋ ብላ ቦታ ለቀቀችልኝ። ተንበረከክኩ። ጸሎቱ ሲያበቃ ተነስቼ ወደ ቤቴ ተመለስኩ።

ሦስቱ ቀን ካለፈም በኋላ አልበላም። ሐኪም ቤት ስናደርሰው መናገር አቁሞ ነበር፤ ሳምንት አልቆየም። ምእመናኑ ለቤተ ክርስቲያኑ ሲጾም አረፈ ይላሉ። አላረምኳቸውም።