አጎቴ የተረከልን ፊልም

እኔ ልጅ ሳለሁ ከሰፈራችን ሰው ያንን አስፈሪ ፊልም በዓይኑ ያየው አጎቴ ከድር ብቻ ነበር። በወጣትነቱ በርበሬ ይዞ አዲስ አበባ ሲመላለስ ሲኒማ ገብቶ ያየው ነው። ያኔ ቡታጅራ መብራት በጠፋ ቁጥር እናቴ ፋኖስ ትለኩሳለች፤ እኔና ታናሽ እህቴ ሰሚራም ምድጃው ዳር አጎቴ ጉልበት ሥር ተሸጉጠን «ጋሼ፣ ፊልሙን ንገረን» እንለዋለን።

ፊልሙ ላይ ሞታ የተቀበረች ሴት በድምፅዋ ብቻ ወደ ሰፈሯ ትመለሳለች። ደጅ ቆማ የምታውቀውን ሰው በስሙ ትጠራለች፤ የከፈተላት አያድርም። አጎቴ እዚህ ሲደርስ ፍሙን ይቆሰቁስና፣ ፊቱ ከጭሱ ማዶ እየቀላ፣ ድምፁን አቅጥኖ «ክፈቱልኝ፣ በረደኝ» ይላል። ከዚያ አግዳሚ ወንበሩን በጥፍሩ ይጭራል። ሰሚራ ትጮሃለች። እናቴ «አንተ ሰው፣ ልጆቹን አታስበርግግብኝ!» ትለዋለች፤ እሱ ይስቃል። እኛም ፈርተን እንዳላለቀስን በማግስቱ ድገመው እንለዋለን።

ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በክረምት አንድ ቀን እናቴና አጎቴ መስቃን ገጠር ለቅሶ ሄዱ። «የሚያስቸግራችሁ ነገር ካለ እትዬ ፀሐይን ጥሩ» አለችን እናቴ። እትዬ ፀሐይ ከጎጃም ተመድባ የመጣች፣ ግቢያችን ውስጥ ተከራይታ የምትኖር አስተማሪ ነበረች። ባሏ ሌላ ከተማ ይሠራል፤ እሷ የሰባት ወር እርጉዝ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ወረደ፣ ቤቱም ጨለመ። በሩ ተንኳኳ።

«ሀናን... ሀናን፣ ክፈቺልኝ።»

የእትዬ ፀሐይ ድምፅ ይመስላል፣ ግን ቀጥኗል። እጄ መቀርቀሪያው ላይ ነበር፤ ልከፍት ነበር። ያኔ ነው «በረደኝ» ያለችው። እሳት እንደነካው ሰው እጄን ሰበሰብኩ። ሰሚራን ጎትቼ አልጋ ሥር ገባሁና ማልቀስ ስትጀምር አፏን በመዳፌ አፈንኩት። ጥፍር በሩን ሲጭር ሰማሁ፤ ከዚያ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ቀረ።

እናቴና አጎቴ ሲመለሱ እትዬ ፀሐይን ደጃፋችን ላይ ወድቃ አገኟት። በባጃጅ ሆስፒታል አደረሷት። እሷ ተረፈች፤ ልጁ አልተረፈም።

«አልጠራቻችሁም?» አለች እናቴ።

«ተኝተን ነበር» አልኩ።

አጎቴ እኔን አየ፣ ሰሚራን አየ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ጣለ። ከዚያ ወዲያ ፊልሙን ተርኮልን አያውቅም፤ ስንጠይቀው «ረሳሁት» ይላል። እትዬ ፀሐይም በመስከረም ተዛውራ ሄደች።

አሁን ወልቂጤ ነው የምሠራው። ባለፈው ዓመት ሰሚራን ልጠይቅ ጉብሬ ሄድኩ፤ ከጓደኞቿ ጋር ያንኑ ፊልም በስልክ እያዩ ደረስኩባቸው። «ይሄ ነው እንዴ ያስፈራው?» እያሉ ይንከተከታሉ። ሰሚራም ትስቃለች፤ ስለዚያ ቀን የምታስታውሰው የለም። መቀመጥ አቅቶኝ ወጣሁ።

እትዬ ፀሐይን አጠያየቅኩ። ለካ እዚሁ ወልቂጤ ታስተምራለች። ቤቷ ሄጄ ሁሉንም ነገርኳት፤ ፊልሙን፣ አልጋ ሥር መግባቴን፣ «ተኝተን ነበር» ማለቴን።

«ቤት እንደነበራችሁ አውቃለሁ» አለችኝ። «የሰሚራ ልቅሶ ይሰማኝ ነበር።»

«ታዲያ ለእናቴ ለምን አልነገሯትም?»

«ምን ብዬ? እኔ'ኮ ከሰው አገር የመጣሁ ስለሆንኩ ጨከኑብኝ ብዬ ነበር። ለዚያ ነው ዝውውር የጠየቅኩት።»

አልተቆጣችኝም። እያለቀሰች እጄን ይዛ ቆየች፤ እኔም አለቀስኩ። ፊልሙ ራሱ ዛሬ አያስፈራኝም፤ እውነትም የሚያስቅ ነገር አለው። እኔን እንቅልፍ የሚነሳኝ፣ አንዲት ሴት ልጇን ቀብራ፣ ጎረቤቶቼ ጠልተውኝ ነው እያለች የኖረችው ያ ሁሉ ዓመት ነው። «ፈርተን ነው» ብዬ አንድ ቃል ብናገር ኖሮ፣ ልጇን ባልመልስላትም፣ ያንን ሸክም አነሳላት ነበር።