ጫጩቶቹ እስኪበሩ

የስንዴ ጆንያ ሲራገፍ የሚወጣው አቧራ ሌላውን ሰው ያስነጥሰዋል፤ እኔን ያናድደኛል። አሰላ ወደነበረው ግቢያችን ይመልሰኛል።

አባቴ እህል ነጋዴ ነበር። መጋዘኑን ከአይጥ የምትጠብቅለት ግራጫ ድመት ነበረችን፤ አዱሬ እንላት ነበር፣ በኦሮምኛ ድመት ማለት ነው። ሰርቪስ ቤታችንን ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ ተከራይታው ነበር። ከመስኮቷ ፊት ለፊት፣ ጥድ አጥሩ ውስጥ፣ ዋኖሶች ጎጆ ሠርተው ሁለት ጫጩት ፈለፈሉ። ጠዋት ፀሐይ ጥዱን አሙቃው ሽታው ሲነሳ፣ ነርሷ ወንበር ላይ አቁማ ታሳየኝ ነበር። ድምፃቸው ከመቅጠኑ የተነሳ ትንፋሼን ይዤ ነበር የምሰማው።

«ጋሼ፣ ጫጩቶቹ እስኪበሩ ድመቷን መጋዘን ይዝጉባት፤ አይጡም ያለው እዚያው ነው» አለችው።

አባቴ ሳቀ። «ሲስተር፣ ድመቷንም አልጋ ልታስይዣት ነው? ወላሂ፣ ተዘግቶባት የዋለች ድመት ትሰንፋለች።»

ሦስት ቀን፣ ትምህርት ቤት ከመሄዴ በፊት፣ እኔ ቀረቀርኩባት። ሦስቱንም ቀን እሱ ከፈተላት። በአራተኛው ቀን ስመለስ አጥሩ ሥር ላባ ተበትኗል። እናትየው ዋኖስ ቆርቆሮው ላይ ሆና ትጮሃለች። ነርሷ መስኮቷን ዘጋች።

አባቴ አፈረ። ያፈረ ሰው ደግሞ ጥፋቱን የሚጭንበት ይፈልጋል። አዱሬን ጆንያ ውስጥ ከቶ፣ በሲባጎ አስሮ፣ ወደ ኢተያ በሚሄድ አይሱዙ ላይ ጫናት። «እዚያ ጣላት!» አለው ሾፌሩን። በሩን የከፈተው እሱ፣ የተባረረችው እሷ። እየጮኸች ሄደች።

ዛሬ አባቴ አርጅቶ እኔ ጋ ይኖራል። የኔ ድመት ከቤት አትወጣም፤ መስኮት ላይ ተቀምጣ ወፎቹን በመስታወት ታያለች። ባለፈው እሑድ፣ «ይቺን ደግሞ ምን አጥፍታ ነው ያሰርሻት?» አለኝ።

«እሷ ምንም አላጠፋችም» አልኩት። ድምፄ መለወጡን ራሴም ሰማሁት።

«ያኔ ሾፌሩን ጠይቄው ነበር» አለ። «ኢተያ ሲደርስ ጆንያው ዝም ብሎ ነበር።»

ለስንት ዓመት የያዝኩት ክፉ ቃል ሁሉ አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። ድመቷን ከመስኮቱ አንስቼ ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። ጆሮዋን ዳበሰ። ቀና ብሎ መስኮቱን አየና፣

«በደንብ ተቀርቅሯል?» አለኝ።