የዐፊፋ የኮክ አዋዜ

ዐፊፋ ኢስሃቅ በዕድሜ ከእኔ አራት ዓመት ታንሳለች፤ በምላስ ግን አያቴ ትሆናለች። የአራዳ ገበያ ገና ጊዮርጊስ ሥር በነበረበት ጊዜ፣ ዛሬ ፒያሳ የምትሉት ሰፈር ግማሹ ጭቃ፣ ግማሹ የአርመንና የህንድ ሱቅ ሆኖ ሳለ፣ በለከፋት ነጋዴ ፊት መልስ የማታጣ ሴት እሷ ነበረች። አንድ ቀን አንዱ ሽንኩርት ሻጭ፣ በቅርጫት የተሸከመችውን ኮክ አይቶ «ወሎዬዋ፣ ይኼ ሁሉ ለዝንጀሮ ነው እንዴ?» ቢላት፣ «አዎ፣ ዘመዶችህን ምሳ ጠርቻቸዋለሁ፣ አንተም አትቅር» አለችው። ሰውየው ሳቁን ሳይጨርስ ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት መረቀላት።

ጎረቤቴ ነበረች። በእኔና በእሷ ግቢ መካከል የሸንበቆ አጥር አለ፤ በአጥሩ ላይ ደግሞ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ የሚያልፍበት ቀዳዳ ነበር። ባሌ ኃይለማርያም መስከረም በጠባ ቁጥር «ዘንድሮስ እደፍነዋለሁ» ይላል። እሳቱም ጨውም፣ ወንፊቱም ወሬውም የሚተላለፈው በዚያ ስለሆነ ሁለታችን አናስደፍነውም ነበር።

ባሏ ሰላሀዲን ሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አጠገብ ሥጋ እየጠበሰ ለእስላም ነጋዴዎች ይሸጥ ነበር። ነፍሱን ይማርና ደግ ሰው ነበር፤ ጥብሱ ግን ጠፍር ነው። ዐፊፋ ብዙ ታገሠች፣ ብዙ መከረች፣ በመጨረሻ «እንግዲህ ሥጋውን ማለስለስ ካልቻልክ እኔ ሰዉን አታልልልሃለሁ» ብላ የኮክ አዋዜዋን ፈጠረች። አፏ እንዲህ ይበል እንጂ ማታለል አልነበረበትም። እንዲያ ያለ ነገር በአራዳ ተቀምሶ አያውቅም።

አሠራሩን በቀዳዳው አጮልቄ ስለተማርኩ አውቀዋለሁ። ኮኩ እኔ ግቢ ካለው ዛፍ ነው፤ ሲያንሳት ከገበያ ትጨምራለች። ልጣ፣ ፍሬውን አውጥታ፣ በሸክላ ድስት ውሃ ሳይነካው በገዛ ጭማቂው ታበስለዋለች። ቀይ ሽንኩርት ከነልጣጩ ረመጥ ውስጥ ትቀብርና ላዩ ሲከስል ውስጡን ብቻ አውጥታ ትደቁሳለች። ከአገሯ ከቃሉ ቆላ የሚመጣላትን ሮቃ የሚሉትን ኮምጣጣ ፍሬ ዘፍዝፋ ውሃውን ትጨምራለች። ከዚያ ድልህ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኮረሪማ፤ በስተመጨረሻ ማር። ሰላሀዲን ይህን በትንሽ ሳህን ይዞ፣ የጤናዳም እስር እየነከረ እሳት ላይ ያለውን ሥጋ ይቀባዋል። ማሩን እሳት ይይዘውና የሥጋው ጠርዝ ይጠቁራል፤ ሽታው ድልድዩን ተሻግሮ ጾመኛ ይፈትናል።

በእኔና በእሷ መካከል አንድ ሕግ ነበረን። ሥጋ የነካ ማንኪያ ወደ ድስቱ አይመለስም። እኔ የእስላም ሥጋ አልበላ፣ እሷ የክርስቲያን አትበላ፤ ድስቱ ግን የሁለታችን ነበር። እሷ በጥብስ ትበላዋለች፣ እኔ በዳቦ እጠርገዋለሁ። ከሁለታችን ማን አብዝቶ ይበላ እንደነበር አትጠይቁኝ።

ሰላሀዲን በዚያ በክፉው የኅዳር በሽታ ሞተ። ከዚያ ወዲያ እሳቱን ሸሪኩ ኡመር ያዘ፤ ዐፊፋ ቤቷ ሆና አዋዜውን ትሠራለች፣ ከሚገኘው ይካፈላሉ። አለቀሰች፣ ከስታም ነበር፣ ግን ሠርታ ታድራለች፤ ጦም ያደረችበት ቀን የለም። ኡመርም የጠባሽ ጠባሽ ሆኖ ስለተገኘ ገበያው እንዲያውም ደራ። እንዲህ እንዳለን ሚያዝያ ላይ አባቷ ሼህ ኢስሃቅ በነጋዴ እጅ ደብዳቤ ላኩ። ደብዳቤ አንባቢው ኃይለማርያም ስለነበር እኔም አብሬ ሰማሁ። «ባልሽ ሞቷል። በክርስቲያን መሀል ብቻሽን ተቀምጠሽ ሃይማኖትሽን ማን ይጠብቅልሻል? ግንቦት ላይ መጥቼ እወስድሻለሁ» ይላል።

ዐፊፋ ደብዳቤውን አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «አልሄድም» አለች። «ወደ ቃሉ ብመለስ ወይ የወንድሜን ልጆች አሳዳጊ ነኝ፣ ወይ ለአንድ ሽማግሌ ሦስተኛ ሚስት። እዚህ ግን የራሴ እሳት አለኝ።»

«ታዲያ እንቢ በያቸው» አልኳት።

«አባቴን? አንቺ አባቴን አታውቂያቸውም። እንቢ አይባሉም። ደጄን አይተው፣ እጄን ቀምሰው፣ ራሳቸው እዚሁ ቅሪ ካላሉኝ በቀር።»

እኔም የምመኘው ይህንኑ ነበር። ኃይለማርያም ደግ ባል ነው፣ ግን ሦስት ቃል ተናግሮ አንድ ሰዓት ያርፋል። ዐፊፋ ከሄደች ከማን ጋር አወራለሁ? ስለዚህ የመስተንግዶውን ነገር እንደ ራሴ ሠርግ ያዝኩት።

ሼሁ የሚገቡበት ቀን ግንቦት አጋማሽ ሆነ። ዐፊፋ በሌሊት ተነሥታ አዋዜዋን ጣደች። ረፋዱ ላይ በቀበና በኩል መድረሳቸው ሲሰማ ነጠላዋን አጣፍታ በቀዳዳው ብቅ አለች።

«አይናዲስ፣ ድስቱን አደራ! እያማሰልሽ ጠብቂኝ። ከወፈረ ጠብ አድርጊበት» ብላ ሮጠች።

ጠብ አድርጊበት አለች እንጂ ምኑን ጠብ እንደማደርግ አልነገረችኝም። ለእሷ ከሮቃው ውሃ በቀር ሌላ የለማ! ድስቱን ወደ እኔ ጓዳ አዛውሬ ሳማስል ቆየሁ። ወፈረ፤ ማማሰያው ቆሞ ሊቀር ሆነ። በእኔ ቤት ደግሞ አዋዜ የሚበጠበጠው በጠጅ ነው። እናቴ በጠጅ በጠበጠች፣ እኔም ባልቴት እስክሆን በሌላ አልበጠብጥም። እጄ ራሴን ሳያማክር ጋኑ ውስጥ ገባ፤ በቅል ቀድቶ ጠብ አደረገ፣ ደግሞም ጠብ አደረገ። ቀመስኩት። ጣቴን ላስኩ። የዐፊፋ እጅ እንኳ እንዲህ ጣፍጦላት አያውቅም ብዬ ኮራሁ፤ ወስጄም እሷ ቤት ገበታው መሀል ከፊሉን በትልቅ ሳህን ገልብጬ አስቀመጥኩት።

ሼህ ኢስሃቅ ገቡ። ቀጭን፣ ረጅም፣ ጢማቸው ነጭ፣ ንግግራቸው ዝግ ያለ። ኡመር ሥጋውን፣ አዋዜው ለገበታ ስለቀረ ሳይቀባ፣ ደጅ ከሰሉ ላይ እያገላበጠ ነው፤ ዐፊፋ ከወዲያ ወዲህ ትላለች። ሼሁ ከመብላታቸው በፊት ሊሰግዱ ስለፈለጉ መታጠቢያ ውሃ ጠየቁ። ቅርብ የነበርኩት እኔ ነኝ፤ በቀዳዳው ጎንበስ ብዬ ከቤቴ በዚያው ቅል ውሃ ቀድቼ አመጣሁላቸው።

እጃቸውን ዘረጉ፣ ከዚያ ቅሉን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉ።

«ልጄ፣ ይኼ ቅል ጠጅ የነካው ነው» አሉ ሳይቆጡ። «በሌላ ዕቃ አምጪልኝ።»

ቅሉ ጠጅ የነካው ነው። አዋዜውስ?

ሌላ ዕቃ አቀበልኳቸው፤ ታጥበው ሊሰግዱ ገቡ። እኔ አጥሩን ተደግፌ ቀረሁ። ሰይጣን ሲመክር ጥሩ አድርጎ ይመክራል። ማን አየሽ? አለኝ። ሼሁ ሳያውቁ ቢበሉ ምን ኃጢአት አለባቸው? ብትናገሪ ግን በገዛ አፍሽ መመስከርሽ ነው፤ ክርስቲያን መሀል ብትኖር ድስቷ ውስጥ ጠጅ ይገባል፣ ይኸው ገባ፣ ይሏታል። ነገ ጭነው ይወስዷታል፤ ያስወሰድሻትም አንቺ ነሽ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምክሩ አሳምኖኝ ነበር። ዝም ልል ወስኜ ወደ ቤት ገባሁ።

ሰግደው ተቀምጠዋል። ኡመር ጥብሱን አቅርቧል። ዐፊፋ አባቷ ፊት ተንበርክካ፣ ፊቷ በእሳትና በደስታ ቀልቶ፣ «አባዬ፣ በዚህ እያጠቀሱ ይብሉልኝ፣ የእጄ ሥራ ነው» ትላለች። ሼሁ «ቢስሚላሂ» ብለው አንድ ቁራሽ ሥጋ አነሡ፣ ነከሩት፣ ወደ አፋቸው ሰደዱት።

«ሼሁ፣ እንዳይበሉ!»

የጮኸው የእኔ አፍ ነው። እጄም ዝም አላለም፤ ሄዶ የሽማግሌውን ክንድ ያዘ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ድፍረት ደፍሬ አላውቅም።

«ጠጅ አለበት» አልኩ። «ዐፊፋ አታውቅም። አደራ ሰጥታኝ ሄደች፤ ሲወፍር በእኛ ልማድ በጠጅ በጠበጥኩት። አሁን ቅሉን ሲያሸቱ ነው የነቃሁት።»

ዐፊፋ ደሟ ከፊቷ ሸሸ። ያች መልስ የማታጣ ሴት ቃል አጣች፤ እኔን የጎዳኝ ከሁሉም ይኼ ነው። ሼሁ ሥጋውን ቀስ ብለው የአዋዜው ሳህን ላይ መለሱ፣ ጣታቸውን በጨርቅ ጠረጉ።

«ባትነግሪኝ ማን ያውቅ ነበር?» አሉኝ።

«ማንም። እኔና እግዜር።»

«ልጄን ልወስድ እንደመጣሁ ታውቂያለሽ?»

«ደብዳቤዎን ያነበበው ባሌ ነው።»

«እንድትሄድ ትፈልጊያለሽ?»

«ሼሁ፣ ከምትሄድብኝ ቤቴ ቢቃጠል እመርጣለሁ» አልኩና እንባዬ መጣ።

ሼሁ ወደ ሳህኑ ጎንበስ ብለው፣ «ለመሆኑ ጣፍጦ ነበር?» አሉ።

ምን ልበል? የመዋሻው ጊዜ አንዴ አልፎኛል። «እንዲህ ጣፍጦ አያውቅም» አልኩ። ኡመር በሩ ላይ ቆሞ ነበር፤ ሳቁ አመለጠው። እሱን ተከትሎ ሼሁም ሳቁ፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ድምፅ ሳያሰሙ።

«በሉ፣ ሥጋው ሳይበርድ» አሉና እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። «ከዛፉ ጥሬ ኮክ አውርዱልኝ። እኛ ቆላ ከብት ስንጠብቅ ሥጋ በጥሬ ፍሬ ነበር የምንበላ።» ኡመር ወጥቶ አረንጓዴውን ኮክ አወረደ። ሼሁ ራሳቸው በካራ ከተፉት፤ ዐፊፋ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ደቆሰች፤ እኔ ጨውና ሮቃ አቀበልኩ። ሼሁ ያቀበልኩትን ሁሉ በቅድሚያ ያሸቱ ነበር፤ እያንዳንዷን ሲያሸቱ ኡመር ይስቃል። ከጨው ውስጥ ጠጅ ይፈልጋሉ እንዴ ብዬ ልቆጣ ምንም አልቀረኝ፤ ግን ማን ነኝና! ያን የጥሬ ኮክ ድቁስ በጥብሱ በሉት። ኮምጥጦ ዓይን ያስጨፍናል፤ ሼሁ ግን ሳህኑን በጣታቸው አጸዱት።

የተበላሸው አዋዜ ከነድስቱና ከነሳህኑ ወደ እኔ ቤት ተሻገረ፤ ለዐፊፋ በማግሥቱ አዲስ ሸክላ ገዛሁላት። ኃይለማርያም ከሥራ ሲመለስ ሥጋ ያልነካውን የድስቱን ትራፊ ከክርስቲያን ሉካንዳ ባመጣው ሥጋ እያጠቀሰ በላው። ያን ቀን ሦስት ቃል ሳይሆን ዘጠኝ ቃል ተናገረ፦ «እግዜር ይቅር ይበልሽ፣ ግን በየሳምንቱ አንድ አንድ ጊዜ ተሳሳቺ» አለኝ።

ሼሁ ሦስት ቀን ሲቀመጡ ስለ መውሰድም ስለ መተውም አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ወደ ድልድዩ ወርደው የኡመርን ጥብስ አዩ፣ ገበያው ውስጥ ዞሩ፣ በቀዳዳው በኩል ኃይለማርያምን ሰላም አሉ። ዐፊፋ በየማታው ፊታቸውን ታነባለች፤ ምንም አይነበብም። ሦስተኛው ቀን ላይ ተስፋ ቆርጣ ልብሷን ሳጥን ውስጥ ከተተች። ሳጥኑን በጠፍር ያሰርኩላት እኔ ነኝ፤ እያሰርኩ እረግማለሁ፤ ማንን እንደምረግም ግን አላውቅም።

በአራተኛው ቀን ጠዋት በቅሏቸው ተጫነች። ዐፊፋ ሳጥኗ ላይ ተቀምጣ ትጠብቃለች። ሼሁ እሷን አልፈው በቀዳዳው ጎንበስ ብለው፣ ያን ረጅም ቁመታቸውን አጥፈው፣ ወደ እኔ ግቢ ገቡ። ከመቀመጫዬ ተነሣሁ፤ የሚወቅሱኝ መስሎኝ ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«ልጄ» አሉኝ፣ «እኔ በአገሬ ዘመድ ሞልቶኛል። አክብሮ የሚያጎርሰኝም ሞልቷል። ከእጄ ላይ ሐራም የሚነጥቀኝ ግን አንድም ሰው አላውቅም፤ አንቺ ግን ይህን ያደረግሽው እኔን ሳታውቂኝ ነው። ዐፊፋ እዚሁ ትቆይ።»

እጃቸውን ልስም ጎንበስ ብል እሳቸው ራሴን ዳስሰው መረቁኝ። በአጥሩ ወዲያ ሁሉን ስትሰማ የነበረችው ዐፊፋ ግን ምላሷ በአራተኛው ቀን ተመለሰላት።

«አባዬ፣ ምርቃቱ ይድረሳት» አለች፣ «ብቻ መጀመሪያ መጥታ ሳጥኔን ትፍታልኝ። እንደ ሌባ ነው ጠፍራ ያሰረችው!»

በቀዳዳው ሮጬ ሄድኩ። ቋጠሮው ጠብቆ አልፈታ ቢለን ኡመር በካራ ቆረጠልን።